የእማዬ ዓይንና የላክሽው ታብሌት

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ፣ እትዬ? ጤናሽስ እንዴት ነው? የወገብሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ ዛሬም ከሥራ ስትመለሺ በየፎቁ እያረፍሽ ነው ደረጃውን የምትወጪው? ባለቤትሽስ? መንታዎቹስ አሁንም ጫማ እንደ ዳቦ ይጨርሳሉ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ይህን «ደህና ነን» እንደ ሌላው ጊዜ ለወጉ ያህል አላልኩትም፤ ስለ እማዬ ነው የምልሽ። እፎይ በይ።

ባለፈው ደብዳቤ የጻፍኩልሽ ነገር እንቅልፍ እንደነሳሽ አውቃለሁ፤ እኔንም ነስቶኝ ነበር። እማዬ ሻይ ውስጥ ጨው መጨመር፣ ዳቦ ሻጯን በሌላ ሰው ስም መጥራት ከጀመረች ወዲህ ከሥራ እየተመላለስኩ አያት ነበር። ይባስ ብሎ ከእሷ ጋር መጽሐፍ የሚዋዋሱት ጡረተኛ ጎረቤታችን የእንጨት ሥራ ቤቴ ድረስ መጥተው፣ «ልጄ፣ እናትህ መጽሐፌን አነበብኩት ትለኛለች፤ የምታወራልኝ ግን የሌላ መጽሐፍ ታሪክ ነው» አሉኝ። መጋዜን አስቀምጬ ጣውላው ላይ ቁጭ አልኩ። የስልክ ማዞሪያ ቤት ስትሠራ የስንቱን መሥሪያ ቤት ቁጥር በቃሏ ይዛ የኖረች ሴት፣ አእምሮዋ ከዳት ብዬ አመንኩ።

በዚህ መሃል ነው በጓደኛሽ እጅ የላክሽው ታብሌት የደረሰን። እውነቱን ልንገርሽ፣ እማዬ ዞር ብላም አላየችው። «ልጄ አስባልኝ ነው፣ እግዜር ይስጣት፤ ግን ይሄ መስታወት እንጂ መጽሐፍ አይደለም» አለችና ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀለችው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ከስፌት መኪናዋ ተነሥታ፣ ከጫንሽላት ልቦለዶች አንዱን ከፈተችና እማዬ ጭን ላይ አኖረችላት። ፊደሉንም በሁለት ጣቷ ከፈት አድርጋ አሳደገችው። እኔ የመስኮቱን መዝጊያ እየጠገንኩ ነበር። እማዬ ወደ ታብሌቱ ጎንበስ አለች። ከዚያ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ቀስ ብላ አንድ መስመር ድምፅ አውጥታ አነበበች፤ ቀጥላም ሌላውን። ገጹ ሲያልቅባት፣ «አሁንስ ቀሪው የት አባቱ ሄደ?» አለች። ባለቤቴ እንዴት እንደሚገለጥ አሳየቻት። መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠረገችው፣ መልሳ አደረገችው፣ ቀጠለች። እራት ቀረበ እስክንላት ድረስ ቀና አላለችም።

ነገሩን ያወጣችው እራት ላይ ነው። ለካ ፊደል መለየት ካቃታት ከርማለች። «ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?» ብላት፣ «ዓይኔ ደከመ ካልኩማ ብቻሽን አትውጪ፣ ምድጃ አትንኪ ልትሉኝ ነው። ደግሞስ ያለ መጽሐፍ ቁጭ ብዬ ምን ልመስል?» አለችኝ። ለጎረቤታችን ታወራላቸው የነበረው ድሮ ያነበበችውን ነው። የተዋሰችው መጽሐፍ ጭኗ ላይ ተገልጦ የሚውለው ለይስሙላ ነበር። ጨውን ከስኳር፣ ዳቦ ሻጯን ከሌላ ሴት ያልለየችውም ስለማይታያት ኖሯል። ሳቅ ይቅደመኝ ልቅሶ ሳላውቅ ማንኪያዬን እንደያዝኩ ቀረሁ።

በማግስቱ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሟ በመብራት አየቻትና የዓይን ሞራ እንደሆነ፣ በቀዶ ጥገና እንደሚነሣ ነገረችን። ስለ መርሳቱም ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኳት። እማዬ ግን ቀድማኝ፣ የጀመረችውን ልቦለድ ከመጀመሪያው ምዕራፍ አንሥታ ትተርክላት ጀመር። ሐኪሟ፣ «ይበቃኛል እማማ፣ መጨረሻውን እንዳይነግሩኝ፤ እኔም ላነበው ነው» አለቻት። ከዚያ ስንወጣ ከትከሻዬ ላይ ግንድ የወረደልኝ መሰለኝ።

ታብሌቱን ወደደችው ማለት ግን ስሞታ የላትም ማለት አይደለም። በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት የሚታያት የራሷ ፊት ብቻ ነው፤ «ፊቴንማ ጠግቤዋለሁ» ትላለች። ጣቷ ሳታስበው ከነካው ገጹን ዘሎ ሌላ አገር ይገባል። ጋደም ብላ ስታነብ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋት ፊቷ ላይ ወድቆባት አፍንጫዋ አብጦ ሰነበተ። መጽሐፉ ምን ያህል እንደቀረው በእጇ መዝና ማወቅ ስለለመደች፣ ከታች የሚጻፈው ቁጥር አያረካትም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የልቦለዱ ሙሽራ ልትኮበልል በሩ ላይ ስትደርስ ባትሪው አለቀ፤ መብራትም ጠፍቶ ስለነበር ቤቱን አመሰችው። ጎረቤታችንም አኩርፈዋት ነበር። «አውሺኝ» ቢሏት፣ «ይሄ ከሄደ ከነመደርደሪያው ነው የሚሄደው፤ አይሆንም» አለቻቸው። አሁን ታርቀዋል፤ ሻይ ሰዓት ላይ እየመጡ እሷ ታነብላቸዋለች። በየመሃሉ ያቋርጧታል፣ እሷም ትቆጣለች፤ ሁለቱም ደስ ብሏቸዋል።

ቀዶ ጥገናው በሚመጣው ወር ነው። የወረቀት መጽሐፎቿን አውርዳ አቧራቸውን እያራገፈች ነው። ዓይኗ ሲበራ ወደ እነሱ እንደምትመለስ፣ ታብሌቱ ግን ከአጠገቧ እንደማይርቅ አስታውቃናለች።

ባለቤቴ ለአንቺም ለባለቤትሽም ብዙ ሰላም ትላለች፤ ለመንታዎቹ የሰፋችላቸውን ሱሪ ሰው ስናገኝ እንልካለን። ትንሿ ልጄ ጉንጭሽን ትስምሻለች። ጎረቤታችን አክብሮታቸውን ገልጸዋል፤ ለእሳቸውም አንድ ታብሌት ይገኝ እንደሆነ በዘወርዋራው አስጠይቀዋል። እማዬ በገዛ እጇ ጥቂት መስመር ልትጨምርልሽ፣ «ይህችን ምዕራፍ ልጨርስና» ካለችኝ ቆየች። ሁለት ጊዜ ጠራኋት፤ አልሰማችኝም። እኔም ደስ ብሎኝ ፖስታውን አሸግኩት።

ወንድምሽ

ከቤት፣ ኅዳር 9 ቀን