የሬዲዮው ዶክተርና የእማዬ በር

እማዬ ወጥታለች። ተራራው ወርዷል፣ ቤታችንንም ይዞት ሄዷል፤ ሰው ግን አንድም አልሞተም። እማዬ ይኸውና ከጎኔ ተቀምጣ ምስር እየለቀመች «ምን እያልሽ ነው የምትጽፊላት» እያለች ትነዘንዘኛለች። ይህን ሳልነግርሽ በሰላምታ ብጀምር ልቤ አልችል ብሎኝ ነው። አሁን ወደ ሥርዓቱ ልመለስ።

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ ታናሽ እህቴ ለፋሲካ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ወገብሽስ ተሻለሽ? የድሬዳዋ ሙቀት ዘንድሮ እንዴት አድርጎሻል? ባለቤትሽ ደረጄ ደህና ነው ወይ? ልጆቹስ ትምህርት ጀመሩ? እኛ እዚህ ደብረ ታቦር ከብርዱና ከጭቃው በቀር ምንም አልጎደለብንም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረሽ።

ደብዳቤ መጻፌ እንዳይገርምሽ። ባለፈው በስልክ ልነግርሽ ስጀምር ኔትወርኩ «ተራራው ወረደ» የሚለው ላይ ቆረጠውና አንቺ ስታለቅሺ ማደርሽን ኋላ ሰማሁ። «እማዬ ግን ደህና ናት» የሚለው እኔ ዘንድ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በስልክ ወሬ ግማሽ ግማሹን ከምነግርሽ ብዬ፣ ጎረቤቴ ወደዚያ ስለምትሄድ ሁሉንም ከሥሩ ጽፌ ላኩልሽ።

ከቤታችን በላይ ያለውን ተዳፋት ታስታውሻለሽ፤ ቀጋ እየለቀምን እሾኹ ቀሚሳችንን የሚቦጭቀው ቦታ። የዛሬ ሁለት ዓመት ክረምት እዚያ ላይ መሬቱ ተሰነጠቀ። ታናሻችን ዋልልኝ እንደምታውቂው ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው የድንጋይና የአፈር ነገር ነው፤ ስንጥቁን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ችካል መታና እየተመላለሰ መሃሉን ይለካ ጀመር። በችካሎቹ መካከል ያለው ቦታ ከሰፋ ተዳፋቱ ወደ እኛ ቤት እየተጓዘ ነው ማለት ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ችካል ምን እንደሆነ አንቺው ታውቂዋለሽ። ሜትር የያዘ ሰው መጥቶ ችካል ከመታ፣ መሬትሽ ለሌላ ሊሰጥ ነው። ከእማዬ አጥር ወዲያ ያሉት አያ ይሻው «የአማረች ልጅ ተምሮ ተምሮ የእናቱን መሬት ለባለሀብት ሊለካ መጣ» ብለው ለመንደሩ ሁሉ አወሩ። እማዬስ ምን አደረገች ብትይ፣ ችካሎቹን ሁሉ ነቅላ አንዱን ለጥጃዋ ማሰሪያ አደረገችው። ዋልልኝ ተማሪዎቹን አስከትሎ ሲመጣ ጥጃዋን በምርምሩ ላይ ታስራ አገኛት።

«እማዬ፣ ይኼ እኮ የምርምር ችካል ነው» ቢላት፣ «ጥጃዋስ የምን ናት?» አለችው። ተማሪዎቹ ሳቃቸውን ለመደበቅ ፊታቸውን አዞሩ አሉ።

ከዚያማ በየሳምንቱ እሰጥ አገባ ሆነ። እሱ ደጃፉ ላይ ቆሞ «ከዚህ ቤት ውጪ፣ ይወድቅብሻል» እያለ ይጮኻል። እሷ «አባትህ ያቆመው ቤት ነው፤ አንተ አፍህን ሳትፈታ የቆመ ቤት» ትለዋለች። እኔ በመሃል እየተመላለስኩ ጫማዬ አለቀ። ወደ እኔ ነይ ስላት «የሰው ቤት እንቅልፍ አይወስደኝም» ትላለች፤ የልጇ ቤት የሰው ቤት ሆኖ።

ባለፈው ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ ጠና። የከተማችን ሬዲዮ ጋዜጠኛ፣ እመቤት የምትባል ልጅ፣ ስለ መሬት መንሸራተት የሚናገር ባለሙያ ፈልጋ ዩኒቨርሲቲ ብትጠይቅ ዋልልኝን ጠቆሟት። እሱ «ጥናቴ ገና አልታተመም» አላት። ስትለምነው ጥያቄሽን በጽሑፍ ላኪ አለ፤ ላከች። መልሱን በእንግሊዝኛ ጽፎ ሰደደላት፤ የጠቀሳቸው መጻሕፍት ዝርዝር ከግርጌው ሳይቀር። ልጅቱ ይህን ይዛ ምን ታድርግ? ለገበሬ ታንብበው?

ስሰማ ቢሮው ድረስ ሄድኩ። «ተራራው መጽሔትህ እስኪታተም ቆሞ ይጠብቅሃል ወይ?» አልኩት።

«እታለም፣ ይኼ አይገባሽም። ሳያረጋግጥ የተናገረ ሰው ባልደረቦቹ ፊት ይዋረዳል» አለኝ።

«እንግዲያው እማዬን ተራራው ሲጫናት ባልደረቦችህ ለቅሶ ይደርሱሃል» ብዬው ወጣሁ። አነጋገሬ ከብዶ ነበር፤ ግን በማግስቱ ራሱ ለጋዜጠኛዋ ደውሎ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ሄደ።

ያን ቀን ሱቄ ውስጥ ሬዲዮውን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ደንበኛ ሁሉ ዝም እንዲል አዘዝኩ። ወንድሜ ሊናገር ነው። ከዚያማ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ከስሎፑ ሳቹሬሽን አንፃር የፌይለር ፕሮባቢሊቲው ከፍተኛ በመሆኑ፣ በስጋት ቀጣናው ያሉ ነዋሪዎች የሚነሱበት አግባብ ሊጠና ይገባል» አለልሽ። ሳሙና ልትገዛ የመጣች ሴትዮ ወደ እኔ ዞራ «ምን አለ?» አለችኝ። እህቱ ነኝ፤ እኔም አልገባኝም። መንደሩ ከዚያ ሁሉ የያዘው «ነዋሪዎች የሚነሱበት» የሚለውን ብቻ ነው። አያ ይሻው «አላልኳችሁም?» ብለው ደረታቸውን ነፉ። እማዬ ያንኑ ቀን ጓሮዋን ቆፍራ ጎመን ተከለች። አልሄድም ማለቷ ነው።

ፋሲካዬ፣ ያን ሰሞን እንደ ተናደድኩ ተናድጄ አላውቅም። የማያውቀው አፉን ሞልቶ እያወራ፣ የሚያውቀው ሲናገር ሰው የማይሰማው ቋንቋ ይመርጣል። እማዬ ደግሞ አያ ይሻውን ታምናለች እንጂ ልጇን አታምንም። በቁጣዬ እመቤትን ቤቴ ጠራኋት፤ ዋልልኝንም ምሳ ብዬ አታልዬ አመጣሁት። ሽሮውን ሳልሰጠው መቅረጫውን ፊቱ አስቀመጥንለት። ገና «ፕሮባ...» ሲል እጄን አነሳሁ። እንደገና ጀመረ፤ እንደገና አነሳሁ። «እንዲህ እያደረግሽኝ እንዴት ልናገር?» ብሎ ሊነሳ ሲል እመቤት ቀስ ብላ እንዲህ አለችው፦

«ዶክተር፣ የእኔ እናት የምትኖረው አንበሳሜ ከተማ ነው። እንዲህ ካለ ተዳፋት ሥር ብትኖር፣ ደጇ ላይ ቁጭ ብለው ምን ይሏታል?»

ዋልልኝ ዓይኑን ከመቅረጫው አንሥቶ ወደ እመቤት ዞረ። ከዚያ ድምፁ እንደ ልጅነቱ ዝቅ ብሎ ተናገረ፤ እሷም ቀዳችው። ሬዲዮ ላይ የወጣው ያው ነው፣ በቃሌ ስለያዝኩት ልጻፍልሽ፦

«እማማ፣ እኔ መሬትዎን አልፈልገውም። ቤቱን ባለቤትዎ እንደሠሩት፣ ጥሎ መሄድም እንደሚከብድ አውቃለሁ። ተዳፋቱ የሚወርድበትን ቀን ንገረኝ ቢሉኝ አላውቀውም፤ የሚያውቅም የለም። እኔን አይመኑኝ፣ ራስዎ ይዩት። በርዎ መሬቱን እየፋቀ አልከፈት ካለ፣ አጥርዎ ወደ ቁልቁል ካጋደለ፣ ጠርቶ ይፈስ የነበረ ምንጭ ከደፈረሰ፣ መሬቱ እየሄደ ነው። ስንጥቅ ካለ፣ ወዲህና ወዲያ እናንተው ችካል ምቱበት፤ ማንም ለክቶ አይወስድባችሁም። በመካከሉ ሲባጎ ወጥራችሁ እሰሩ። ሲባጎው የተበጠሰ ዕለት ዕቃ አትልቀሙ፤ ውጡ።»

እማዬ ይህን የሰማችው አያ ይሻው ቤት፣ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ነው። እሷ ብድግ ብላ ቤቷ ሄደችና በሩን ገፋችው። በሩ ከሰኔ ጀምሮ ወለሉን እየፋቀ አልከፈት ብሏት አናጢውን ስትረግም ነበር የከረመችው። ተመልሳ «ይሻው፣ ሲባጎ አለህ?» አለቻቸው። የጥጃዋን ችካል ነቅላ ወጣች፤ አያ ይሻው ሌላ ችካልና ድንጋይ ይዘው ተከተሏት፤ እኚያ «ባለሀብት» ሲሉ የከረሙት ሰውዬ በገዛ እጃቸው መቱት። ጥጃዋ ያን ቀን ልቅ ሆና ጎመኑን ጨረሰችው።

በፍልሰታ ጾም ዝናቡ ሌት ተቀን ሲወርድ ከርሞ፣ አንድ ጠዋት እማዬ ብትወጣ ሲባጎው ተበጥሶ አገኘችው። ከላይ ሆና ስትጣራ ከተዳፋቱ ሥር ያለው ሰው ሁሉ ከብቱን ነድቶ፣ ልጁን አዝሎ ወጣ። እኔና ዋልልኝ ደርሰን ብናይ ሁሉም ወጥቷል፤ እማዬ ግን ደጇ ላይ ቆማለች።

«በሩን ሳልይዝ አልሄድም» አለች።

«እማዬ፣ በሬዲዮ ዕቃ አትልቀሙ ብያለሁ እኮ» አላት፤ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

«በር ዕቃ አይደለም፤ አባትህ የጠረበው ነው።»

ሳይንስ እዚያ ላይ አለቀ። ዋልልኝ በሩን ከመቃኑ ነቅሎ፣ ጀርባው ላይ ጭኖ፣ እማዬን ከፊት አስቀድሞ በጭቃው ውስጥ ሮጠ። ዶክተር በር ተሸክሞ ሲሮጥ ያየ መንደር እስካሁን አላባራም። ነሐሴ ሳያልቅ ተዳፋቱ ወረደ። ቤታችን፣ ጓሮው፣ የአያ ይሻው ማድቤት፣ ሁሉም አፈር ሆነ። የአባታችን ቤት ነውና እኔም አልቅሻለሁ፤ አንቺም ስታነቢ እንደምታለቅሺ አውቃለሁ። ግን ቆጥረን የጎደለ ሰው የለም።

አሁን የሚያበግነኝን ልንገርሽ። እማዬ ቤቴ ገብታ አረፍ እንዳለች ዋልልኝን ጠርታ ወቀሰችው። «አንተ እዚሁ ተቀምጠህ እናትህን የሬዲዮ ሰው ይንገራት?» አለችው።

«እማዬ፣ የሬዲዮው ሰው እኮ እኔ ነኝ።»

«ድምፅህ ጠፍቶኝ ነው? ያኛው ግን ቁጭ ብሎ ያስረዳል፤ አንተ ደጃፌ ላይ ቆመህ ትጮህብኛለህ።»

ዋልልኝ አንገቱን ደፋ። እኔም ሳቄ እያመለጠኝ ወደ ጓዳ ገባሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያደረቀኝ ነገር ለካ በአንድ ምሳ የሚያልቅ ኖሯል።

ባልደረቦቹም አላዋረዱት። ስለ ስንዴ ዋግ የሚያጠና አንድ መምህር ሱቄ መጥቶ «እኔንም አለማምጂኝ፣ ሬዲዮ ልቀርብ ነው» አለኝ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ሳሙና የምትሸጥ ሴት ምሁር ታለማምዳለች። ዋልልኝንማ ሌላ ጣቢያ ደውሎ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ቢጠይቀው «እኔ የማውቀው መሬቱን ነው፣ ሽንኩርቱን የሚያውቅ ሰው ልስጣችሁ» ብሎ ባልደረባውን አገናኛቸው። ተምሯል ማለት ይሄ ነው።

አዲሱ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ወዲያ፣ ሜዳው ላይ ባለው ማሳችን ጫፍ እየቆመ ነው። መንደሩ በደቦ ወጥቶ ማገሩን መትቷል፤ አያ ይሻው ጭቃውን ያቦካሉ። በሩን ግን ማንም ሳይነካ ዋልልኝ ራሱ ገጠመው። እማዬ ሄዳ በአንድ ጣቷ ገፋችው፤ ተከፈተ። ዘጋችው፣ ደግማ ከፈተችው፣ እስክንሰለች ድረስ።

እማዬ እንደ ሁልጊዜው በጸሎቷ አስባሻለች፤ ባለቤቴ ታደሰና አያ ይሻው በጣም ሰላም ይሉሻል። ዋልልኝ «ለፋሲካ የጻፍሽውን መጀመሪያ አሳዪኝ» ብሎኛል፤ አላሳየውም። ለደረጄ በእኔ ስም ሰላምታ አቅርቢ። ልጅሽን ምስጋናን አገላብጠሽ ሳሚልኝ፤ ለታናሿም አያቷ የቀጋ ፍሬ ለቅማ አስቀምጣላታለች በያት።

እማዬ ለመድኃኔዓለም ተስላለች። በጉ ተገዝቷል፤ ጥጃዋን ማንም እንዳይነካት ታውጇል። እመቤት እናቷን ከአንበሳሜ ይዛ ትመጣለች፤ የሬዲዮው ዶክተርም ተጋብዟል፣ ቁጭ ብሎ እንዲያወራ ቃል ገብቶ። አንቺ፣ ደረጄና ልጆቹ ካልመጣችሁ በሩ አይከፈትም ብላለች፣ እሷን ደግሞ ታውቂያታለሽ። ስለዚህ ሥራም፣ ወገብም፣ መንገድም ምክንያት አይሆንም፤ ሁላችሁም ጥቅምት 27 ቀን፣ ሐሙስ፣ የመድኃኔዓለም ዕለት፣ እማዬ ደጅ ላይ።

እህትሽ ዓይናለም
ደብረ ታቦር፣ መስከረም 10 ቀን 2018 ዓ.ም.