ሟች ባለቤቴን ላስነሣው ሰርቨር የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ኪዳነ ወልድ፣ የወረዳችን የነዋሪዎች ምዝገባ ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ፣ ከብትዎ፣ ከሁሉም በላይ ያ መዝገባችንን የያዘው፣ ሰርቨር የሚሉት ማሽን ደኅና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ባለቤቴ አመተሥላሴም በ2004 ዓ.ም. ብትቀበርም በእርስዎ መዝገብ ላይ ሙሉ ጤነኛ ናት።

እንደሚያውቁት በዚህ ጥር ጥሩሸዋን ላገባ ሚስት እንደሌለኝ የሚገልጽ ወረቀት ጠይቄ ነበር። ጠላው ተጠምቋል፣ ሙክቱ ታስሯል፣ ጾም ከገባ ደግሞ ሠርግ የለም። ስለዚህ ቅሬታዬን ሳይሆን ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሰርቨሩ በመብራት መቆራረጥ ሲበላሽ ባለሙያዎ የማሽኑን ዓመት 2009 ብሎ በመሙላት የአገራችንን አቆጣጠር ስላስከበረልን ኮርተናል። ጉዱ፣ መጠባበቂያ ቅጂዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር መመዝገባቸው ነው። ማሽኑም ባለፈው ኅዳር የተቀዳውን፣ 2016 የሚለውን ቅጂ፣ ገና ያልተሠራ ነው ብሎ መለሰው፤ እሺ ብሎ የተቀበለው የ2008ን ብቻ ነው። በፈረንጅ 2008 ደግሞ አመተሥላሴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በሕይወት ነበረች፤ እንዲያውም ጠዋት ማታ ትቆጣኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ የቀበሯት ቄስ መጥተው ቢመሰክሩም ክቡርነትዎ ከቄስ ይልቅ መዝገብ ይታመናል በማለት፣ ወይ ባለቤቴን ይዤ ቀርቤ ፍቺ እንዳስፈርም፣ ወይ የአዲሱ ቅጂ ዓመት እስኪደርስ እንድታገሥ በትሕትና አዘዙኝ። ኧረ የሰው ያለህ! ጥሩሸዋ ሌላ ሚስት ደብቀሃል ብላ አኩርፋኛለች፤ ሽማግሌዎቿም የላክሁላትን ጥሎሽ ሊመልሱልኝ ነው። ብቸኝነት ስልችት ያለኝ ሰው ነኝ፤ እውነቱን ልንገርዎ፣ አንጀቴ አርሯል።

ሦስተኛውን ትቼዋለሁ፤ የመልካም አስተዳደር አስተያየት መስጫ ሣጥኑ ቁልፍ ጠፍቷል ተብያለሁ።

ለዚህ ሁሉ ውለታዎ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤
በመዝገብ ባለትዳር፣ በቤቱ ወንደላጤ፣
ይሥሐቅ ጌጡ

ማስታወሻ፦ በዚያው በሚታመነው መዝገብ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ገብረ አማኑኤል ናቸው፤ እርስዎ ገና አልተቀጠሩም። መዝገብ ይታመናል ያሉትን አክብሬ፣ እሳቸው ጡረታ ወጥተው በግ ወደሚጠብቁበት ወደ ራቤል ወርጄ ወረቀቴን አስፈርሜያለሁ፤ ጥሩሸዋም ታርቃኛለች። ሠርጉ እሑድ ነው፣ አይቅሩብን። የክብር ወንበሩን ግን ለኃላፊው ስለያዝነው፣ እርስዎ እባክዎ ከሥራ ፈላጊ ወጣቶቹ ጋር ይቀመጡልን።