ዝም በማለቱ ስለታሰረው ባለቤቴ

ለክቡር አቶ ታፈረ፣
የትዕይንት ይዘት ክትትልና ማስተካከያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ አምላክ ሙሉ ጤና ይስጥልኝ፤ ባለፈው ቅዳሜ በእኛ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ያን ያህል ሰዓት ተቀምጦ የደከመው ወገብዎም ተሽሎት እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከቤቴ ወደ ፖሊስ ጣቢያ፣ ከጣቢያው ወደ ቢሮዎ፣ ከቢሮዎ ደግሞ «ስብሰባ ላይ ናቸው» እያለ ወደሚመልሰኝ ዘበኛ ስመላለስ ሰውነቴ ቀልሎልኛል፤ ለዚህም አስቀድሜ አመሰግናለሁ። ሰሞኑን ቁጭ ማለት ስላልሆነልኝ ይህን የምጽፈው ቆሜ፣ ወረቀቱን በመስኮቱ ጠርዝ አስደግፌ ነውና ፊደሉ ቢንጋደድ በንቀት እንዳይተረጎምብኝ እለምናለሁ።

ስሜ ባንችይርጋ ይባላል። ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው መንገድ ሥር ያለውን ቪዲዮ ቤት የማስተዳድረው እኔ ስሆን፣ በማይክሮፎን የሚተርከው ባለቤቴ የኔሰው ነው፤ እሱም አሁን በእርስዎ ትእዛዝ በጣቢያው ይገኛል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ባሌ እንዲፈታልኝ ነው። ሌላው ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ነውና በተለመደው ትዕግሥትዎ ያንብቡልኝ።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ከእርስዎ ሌላ የሚያነበው አይጠፋምና ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። «ከበረዶ በታች» የሚባል የውጭ አገር ተከታታይ ድራማ ከመስከረም ጀምሮ በየቅዳሜው፣ ሰው ከገበያ ሲመለስ እናሳይ ነበር። ታሪኩ ገና ባልመጣ ዘመን፣ በሌላ ዓለም፣ በረዶ ሥር በተቆፈረች ከተማ ውስጥ የሚሆን ነው። እዚያ ፀሐይ የለም፤ ብርሃን የሚያድለው በማማ ላይ የሚኖር ሹም ሲሆን፣ የእሱ ደወል ሲሰማ ሰው ሁሉ ፋኖሱን አጥፍቶ ይተኛል። አንዲት ሴት ልጇ ታሞባት ፋኖሴን አላጠፋም ትላለች። ጎረቤቷ ያያትና እሱም አላጠፋም ይላል። እንዲህ እንዲህ እያለ በመጨረሻው ክፍል ከተማው በሙሉ ፋኖሱን ይዞ ወደ ማማው ይወጣል። ቋንቋው ስለማይገባን የኔሰው ድምፁን ቀነስ አድርጎ ይተርክልናል።

የኔሰው ቱሪስት እያስጎበኘ ቋንቋ ከመልመዱ በፊት የትርጓሜ ቤት ተማሪ ነበር፤ ልማዱም እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። በትርጓሜ ቤት መምህሩ ንባቡን ከፈታ በኋላ «አንድም» ይልና ሁለተኛ ፍቺ ይጨምራል፣ ደግሞም «አንድም» ይልና ሦስተኛ ያክላል፤ ተማሪውም አመዛዝኖ ይይዛል። የኔሰውም ሴትዮዋ ፋኖሷን አቅፋ ስትቀመጥ «የልጇን ፊት ልታይበት ነው» ይልና «አንድም፣ ሹሙ እሷን እንዲያያት ነው» ይላል። ገበሬውም ዲያቆኑም ይህንን ወዶለታል፤ እንዲያውም ከድራማው ይልቅ ለዚህ ብሎ የሚመጣ አለ። የቤታችን ወግ ይህ ነው። እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

አንደኛ፤ የመጨረሻው ክፍል ከመታየቱ በፊት «አመጽን ያበረታታል» ብለው ስለ እኛ ስለሰጉልን ከልብ አመሰግናለሁ። በእነዚያ ክፉ ዓመታት ከየቤታችን ሳንወጣ ተኩሱ ከየትኛው ተራራ እንደሚመጣ መለየት የለመድን ሰዎች፣ አመጽ ምን እንደሚመስል ከቴሌቪዥን እንዳንማር መጠንቀቅዎ ደግ ነው። ሳይጠይቁኝ ልንገርዎትና፣ ሰዉ ወደ እኛ ቤት የሚመጣው በድራማው ውስጥ የሚሞተው ሰው ለቀብር ስለማይጠራው ነው። እግሩን ዘርግቶ፣ የሌላ አገር ሰው ጭንቀት እያየ፣ የራሱን ለጥቂት ጊዜ ይረሳል። ይህችንም ዕረፍት በጥርጣሬ ማየትዎ የኃላፊነትዎ ስፋት ነው ብዬ ተቀብያለሁ።

ሁለተኛ፤ የውጭ አገር ሰዎች ያን ያህል ደክመው የሠሩትን ፍጻሜ በአንድ ከሰዓት በኋላ አሻሽለው፣ አዲስ ፍጻሜ በወረቀት ጽፈው ስለላኩልን የተሰማኝን አድናቆት መግለጽ ያቅተኛል። በእርስዎ ፍጻሜ ሕዝቡ ፋኖስ ይዞ የሚወጣው ሹሙን ለማመስገን ነው፤ ሹሙም ምክር ይሰጣል፣ ሕዝቡም መብራቱን አጥፍቶ ደስ ብሎት ወደየቤቱ ይገባል። «በከፍተኛ ተነሣሽነት» የሚለው አነጋገር ከበረዶ በታች ሲገባ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ለየኔሰው የተሰጠው ትእዛዝ ከወረቀቱ ላይ አንዲት ቃል እንዳይቀንስ፣ አንዲት ቃልም እንዳይጨምር ነበር። እርስዎም ራስዎ መጥተው ፊት ለፊት በተለቀቀልዎት ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ እሱም አነበበ።

እንዳለመታደል ሆኖ ቃሉን እንጂ ምስሉን አላስተካከሉትም። የኔሰው «ሕዝቡ በከፍተኛ ተነሣሽነት ለምስጋና ወጣ» ብሎ በሚያነብበት ሰዓት፣ በቴሌቪዥኑ ውስጥ ሕዝቡ የማማውን የብረት በር በግንድ እየደበደበ ነበር። ከግድግዳው ሥር የሚቀመጡት ገበሬው አቶ ደሳለ፣ ሰው አክባሪ እንደሆኑ አገር ያውቃል፣ «የኔ ጌታ፣ ታዲያ ለምስጋና ከሆነ በሩን ምን በወጣው?» ብለው ጠየቁ። ያልሳቀ ሰው አልነበረም፤ እኔም ከበሩ ቆሜ አፌን በነጠላዬ ይዤ ነበር። እርስዎ ጉሮሮዎን ጠርገው ዘወር ሲሉ ሳቁ ቆመ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እርስዎ በክሱ ላይ አንድ ዓይነት፣ እኛ ሌላ ዓይነት አድርገን እናስታውሰዋለን። የኔሰው ወረቀቱን አንብቦ ጨረሰ፣ አጠፈው፣ ኪሱ ውስጥ ከተተው፣ ዝም አለ። እንዳትጨምር ተብሏልና አልጨመረም። ምስሉ ግን ይቀጥላል፤ በሩ ተከፍቷል፤ ሰዉ ደረጃውን እየወጣ ነው። በዚህ መካከል በትርጓሜ ቤት ያስተማሩት አባ ወልደ ኪዳን ከኋላ ሆነው፣ የተማሪ ልሳን ሲያዝ እንደሚያደርጉት፣ ቀስ ብለው «አንድም?» አሉት። እሱ አንገቱን ደፋ። ከአጠገባቸው ያለው ዲያቆን «አንድም?» አለ፤ አቶ ደሳለም አሉ፤ ከዚያ ወንበሩ ሁሉ፣ ሴቱም ወንዱም፣ አንድም፣ አንድም እያለ ይጠይቀው ጀመር። እርስዎ ይህንን መፈክር መሰለዎት። የቄስ ልጅ ነዎት ሲባል ሰምቼ ነበርና ገርሞኛል፤ ግን ሥራ ሲበዛ ሰው የቤቱንም ይረሳል። ጄኔሬተሩን አስጠፉ፣ ድራማው ያለበትን ፍላሽ ወሰዱ፣ ቤቱን አሸጉ፣ ባሌን ወሰዱ። ጥፋቱ ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅም «ዝም በማለት ሕዝብን ማነሣሣት» መሆኑ ተነግሮኛል።

ሦስተኛውን ጽፌ ሰርዤዋለሁ፤ ተናድጄ ነበር።

አራተኛ፤ ከተማችንን በአንድ ጊዜ የደራሲዎች ከተማ ስላደረጉልን አመሰግናለሁ። ፍጻሜውን አይቶ የጨረሰ ሰው የለም። የኔሰው ብቻ እንደ ልማዱ ለዝግጅት ሲል በዋዜማው ለብቻው አይቶታል፤ እሱ ደግሞ ለእኔም ቢሆን አስቀድሞ አይናገርም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ፍጻሜ ይዞ ይዞራል። የወፍጮ ቤቷ ረሒማ ሴትዮዋን ማማው ላይ አስቀምጣ ሹሙን ፋኖስ ጠራጊ አድርጋዋለች። ከነአኩቶ ለአብ ገዳም የመጡ ዲያቆናት ሹሙን ንስሐ አስገብተው አመንኩሰውታል። በገበያ ላይ ያለው ወሬ ደግሞ ሹሙ ፍየል ነጋዴ መስሎ ሲያመልጥ በፍየሎቹ ተያዘ የሚል ነው። እርስዎ ሲመጡ የነበረን በአንድ ፍላሽ ላይ የተቀመጠ አንድ አመጽ ነበር፤ አሁን በየቤቱ አንድ አንድ አለ፣ ሊታሸግ የሚችል ግን የለም። በብዙዎቹም ውስጥ ሹሙ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚሄድ፣ ሲቆጣ ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው መሆኑን ስገልጽ በታላቅ ሐዘን ነው።

እኔ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ማንም በምንም ቢጨርሰው ግድ የለኝም። ባሌን እፈልጋለሁ። ሲናገር ውሎ የማይደክመው ሰው፣ ምግብ ይዤለት ስሄድ ድምፁ ሻክሮ አገኘዋለሁ። ዝም ማለት ወንጀል ነው ስለተባለ አሁን የተጠየቀውንም ያልተጠየቀውንም ይመልሳል፤ ያም ደግሞ እንዳይጻፍበት እሰጋለሁ። እቤት ስገባ መቀመጥ አልችልም፤ የታጠበውን ዕቃ መልሼ አጥባለሁ፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ቀድሞኝ ይሮጣል። እናም በዚህ ሁሉ መካከል ያችን ሴትዮ አስባታለሁ። እሷ ልታምፅ አልተነሣችም። የታመመ ልጇን ፊት ማየት ፈለገች፣ በቃ ይኸው ነው። አመጽ ብሎ የሰየመው ማማው ላይ ያለው ሰውዬ ነው፤ «ተዉአት፣ ልጇን ታስታምም» ቢል ኖሮ ድራማው በመጀመሪያው ቅዳሜ ያልቅ ነበር፣ እኛም ወደ ሥራችን እንመለስ ነበር።

ስለዚህ የኔሰው እንዲፈታልኝ፣ ቤቱ እንዲከፈት፣ ፍላሹም እንዲመለስልን በትሕትና እጠይቃለሁ። ይህ የማይቻል ከሆነ ደግሞ በሚመጣው ቅዳሜ ራስዎ ተገኝተው ማይክሮፎኑን እንዲይዙልን እጋብዛለሁ፤ ሕዝቡ የሚጠይቅዎትን ጥያቄ አስቀድመው ያውቁታል።

ለጤናችን፣ ለሥነ ምግባራችን፣ ለድራማችንም ጭምር ያለመታከት የሚያስቡልን ክቡርነትዎ ዕድሜ እንዲረዝም፣ ስብሰባዎም አንድ ቀን እንዲያልቅ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣው፣ የታሸገው ቪዲዮ ቤት አስተዳዳሪና የዝምተኛው ወንጀለኛ ሚስት፣

ባንችይርጋ

ማስታወሻ፤ ደብዳቤውን ልዘጋው ስል ባለቤትዎ ወይዘሮ ፍቅርአዲስ በጓሮ በኩል መጡ። እርስዎ የጻፉትን ፍጻሜ ከሁላችንም ቀድመው ቤት አንብበውላቸው እንደነበር፣ ነገር ግን ሕዝቡ አመስግኖ ሳይጨርስ እንቅልፍ እንደወሰዳቸው አጫወቱኝ፤ እውነተኛውን መስማት ይፈልጋሉ። የሚያውቀው ሰው የት እንዳለ ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ጣቢያው ሄደዋል፤ እሱ ሳይፈታ ከደጃፉ እንደማይነሡም ነግረውኛልና፣ የዛሬ እራትዎን ከወዲሁ ቢያስቡበት መልካም ነው።