የዘነበች ባቄላ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 6። ከቀኑ 10 ሰ.
ዛሬም አምስት ሰው ብቻ። ሠላሳ ሁለት የተመዘገቡበት የመሠረተ ትምህርት ክፍሌ! የቀሩት ማዶ ናቸው፣ የገበሬ ማኅበሩ መጋዘን፣ የጤና አስተማሪዋ ዘነበች ዘንድ። እዚህ ጎረቤላ ስድስት ዓመት ያስተማርኩት እኔ፤ እሷ ከደብረ ብርሃን የመጣችው ገና መስከረም ላይ። ማስታወሻዬ፣ ካንተ ምን እደብቃለሁ፣ ቀንቻለሁ።

ሄጄ በመስኮት አየኋት። ስለ ወሬ ታስተምራለች። የኩፍኝ ክትባት ሴት ልጅ ያመክናል ይባል የለ? ማን ነገረሽ ብላ ትጠይቃለች፤ እገሊት ይሏታል። እሷንስ ማን? ወሬው ላለፈበት አፍ ሁሉ አንድ ባቄላ መሬት ላይ ታስቀምጣለች። አሥራ አንድ ባቄላ ተደረደረ፤ በዓይኔ አየሁ የሚል አንድም ሰው አልተገኘም። ወሬውን ከአልዩ አምባ ያመጣው ጨው ነጋዴው ጋሽ ይመር ራሱ፣ ወላሂ አፈርኩ ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ስንቴ በሰሌዳ ጽፌ አስረዳሁ፣ ማን ሰማኝ? የልጅ ጨዋታ ነው። (ጥሩ ጨዋታ ነው።)

ዓርብ፣ ጥቅምት 9
ስብሰባ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓዲት ዘነበች፣ ጓዲት ዘነበች ሲል ዋለ። አምና ቆላው ውስጥ ኩፍኝ የጨረሳቸውን ልጆች አነሳ። ዘንድሮ እናቶች በእሷ ምክንያት ልጆቻቸውን ለክትባት አስመዘገቡ። የኔ ስም አንዴም አልተጠራ። አጨበጨብኩ። በእጄ ብቻ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 10
ገበያ። የቄሱ ሚስት ወ/ሮ አስካለ አገኘችኝ፣ ሕፃኗን አዝላ። ዘነበችን ማወደስ ጀመረች፤ ብልህነቷን፣ አንደበቷን። አራት ዓመት በትዳር ኖራ ልጅ የሌላት እሷም ያንን መርፌ ተወግታ ይሆናል፣ አልኩ። እየሳቅኩ። አስካለ አልሳቀችም።

ቀልድ ነው። ምን አለበት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 14። ጠዋት 3 ሰ.
ከአፍ የወጣ አፋፍ። አሥራ ዘጠኝ እናቶች የልጆቻቸውን ስም አሰረዙ። የመጀመሪያዋ አስካለ። ዘነበችን ያመከናት መርፌው ነው ተብሏል፤ የሐኪም ወረቀቷን አየሁ የሚል ሰውም ተገኝቷል! ክትባቱ ከነገ ወዲያ ነው።

መጋዘን ሄድኩ። ብቻዋን ተቀምጣለች፣ ዓይኗ ቀልቷል። ሁለት ጊዜ ጽንስ እንደወረደባት ነገረችኝ። ለኔ! እህቴ እያለች። ነገ ሰዉን ሰብስባ ስለ ራሷ ወሬ ባቄላ ትደረድራለች።

ከቀኑ 11 ሰ.
አስካለ ቤቴ መጣች። ነገ ከማን ሰማሽ ቢሏት ከራሴ አመጣሁት ትላለች። ትልቁን ልጄን ፊደል ያስቆጠርሽ ነሽ፣ አላዋርድሽም አለችኝ። የኔ ስም ይቅር፣ ሕፃኗን ብቻ አስከትቢ ብዬ ለመንኳት። እንቢ። አንቺ ዋሽተሽ አታውቂም አለችኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 15። ከጠዋቱ 1 ሰ.
እውነቱን ብናገር ዘነበች ይቅር ትለኛለች፤ ያውም በሰው ፊት። ሰዉ ይበልጥ ይወዳታል። ይህን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል። ምን ዓይነት ፍጥረት ነኝ?

መጀመሪያ አስካለ ቤት። ዋሽቼሻለሁ እላታለሁ። ከዚያ መጋዘን፣ ሁሉም ባሉበት። የስድስት ዓመት ስሜ በአንድ ጠዋት ይሄዳል። ይሂድ። ሕፃኗ ነገ ትከተብ።

ነጠላዬን ላንሳ፣ ፍርሃት ሳይመልሰኝ።