ያጠብኩት ቢጫ

ሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 1989

ሁለት ዓመት ሙሉ የዶክተር ሰላማዊትን የመስታወት ዕቃ ሳጥብ አንድም አልሰበርኩም። ላፍቶ ውስጥ እንደኔ ያለ እጅ ካለ ይምጣና ይታይ። ግን ምን እንደምትሠራ ጠይቄያት አላውቅም ነበር፤ ዛሬ ጠየቅኳት። (አንቱ እንዳልላት ከልክላኛለች፤ በልጄ ዕድሜ ናት።)

ዳቦ ብዙ ሲላመጥ የሚጣፍጠው ምራቃችን ውስጥ ቆራጭ ሠራተኛ ስላለ ነው አለችኝ። ኢንዛይም ይባላል። ሲቆርጥ ይውላል፣ ራሱ አያልቅም። እሷ ደግሞ ትንሽዬ፣ ሰው የሠራው ቆራጭ ነው የምትፈልገው። ፔፕታይድ ነው ስሙ፤ እንደ ጨሌ የተሰካካ። የጨሌው ዓይነት ሃያ ብቻ።

ሳቅኩባት። እኔ በማታ ትምህርት ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ፊደል ጨርሻለሁ፤ ዶክተሯ በሃያ ትንገላታለች።

«ጋሽ በላቸው፣ የርስዎ ቃል ወረቀት ላይ ይተኛል። የኔ ከተሰካ በኋላ ራሱን ጠቅልሎ ሥራ ይጀምራል» አለችኝ።

በክርክር አሸነፈችኝ። እንዲህ ያለ ቀን ብርቅ ስለሆነ ጻፍኩት።

ማክሰኞ

የዶክተር ፔፕታይድ በዱቄት መልክ ከውጭ አገር መጣ። ጨው ቢሆን ለአንድ እንቁላል አይበቃም። ሁለት ሙከራ ብቻ ይወጣዋል። ካልሠራ አለቆቿ ክፍሉን ለሌላ ሥራ ሊሰጡባት ነው። ማታ ከመውጣቷ በፊት ከሚቆረጠው ነገር ጋር በስድስት ቱቦ በጠበጠች፤ ስድስተኛው ውስጥ ዱቄቱን አልጨመረችም፤ ለማነጻጸሪያ ነው አለች።

ረቡዕ

ጠዋት ቀድሜያት ገባሁ። ቱቦዎቹ ቆሽሸዋል። መምህራችን ያያችሁትን ሁሉ ጻፉ ስላለን መጀመሪያ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፦ አንደኛ እስከ አራተኛ፣ እርድ። አምስተኛ፣ ቀጭን ሻይ። ስድስተኛ፣ ውሃ።

ከዚያ አጠብኳቸው። እስኪያበሩ ወለወልኳቸው።

ዶክተር ገባች። የት አሉ አለች። በኩራት አሳየኋት። ወንበር ሳትፈልግ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ቢጫው እኮ መልሱ ነበር» አለች። ቆራጩ ከሠራ የሚቆረጠው ነገር ቢጫ ይሆናል ለካ።

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ምሳ አልበላሁም።

ሐሙስ፣ የኅዳር ሚካኤል

ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ያቃጥላል። ጭሱ እንዳይገባ መስኮቱን ዘጋሁ።

ባለቤቴ አስካለ ዝም ብለህ ሥራህን ሥራ፣ ደብተርህን አታሳይ ብላኝ ነበር። ለዶክተር ግን አሳየሁ። እንዲያውም ቆሜ አነበብኩላት፤ ከክፍል ውጭ ለሰው ሳነብ የመጀመሪያዬ ነው። ስድስተኛውን ይድገሙልኝ አለች። ውሃ፣ አልኩ።

የጋሽ በላቸው እርድ ለአለቆቼ ማስረጃ አይሆንም ብላ ሳቀች። ግን ድብልቁን ልትቀይር አስባ የነበረውን ተወችው። የቀረውን ዱቄት በሙሉ እንደ ማክሰኞው በጠበጠችው። በኔ ጽሑፍ ላይ ተማምና። ይህን ያህል ሸክም ያለው ነገር ጽፌ አላውቅም።

ዓርብ

ታክሲ ሳልጠብቅ ከቤቴ ከፉሪ በእግሬ መጣሁ። እሷ ቀድማኛለች፤ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ብቻዬን ማየት ፈራሁ አለች።

አብረን ገባን። አምስቱ ቢጫ። ስድስተኛው ውሃ።

አማተብኩ። ዓይን የማያየው፣ አፍ የሌለው፣ ሰው በሃያ ፊደል የጻፈው ነገር ሌሊቱን ሙሉ ሲቆርጥ አድሯል። እኔ ተኝቼ። እሷም ተኝታ።

ቀለም በሚለካው መሣሪያ አንድ በአንድ አየቻቸው። እኔ ቁጥሩን ስትነግረኝ ጻፍኩ፤ አንዱ ስድስት ቁጥር አራት መሰለብኝና እንደገና ጻፍኩት። ሠራ ወይ አልኳት። ካልደገምኩት አላምንም፣ ዱቄት ግን የለኝም አለች። ሌላ ዱቄት እንዲገዙላት ለአለቆቿ ልትጽፍ ነው። ይፈቅዱላት ይሆን፣ አላውቅም።

ስትወጣ «አሁን ቱቦዎቹ ይታጠቡ፣ ጋሽ በላቸው» አለችኝ።

መሽቷል። እስካሁን አላጠብኳቸውም።