ካፖርቴ ሥር የደበቅኩት እጀታ

ውድ ልጄ፣

ስድስት ወር ሙሉ ሳልጽፍልሽ የቀረሁት አኩርፌ እንደሆነ አክስትሽ እንደነገረችሽ ሰማሁ። ሐሰት ነው። አላኮረፍኩም። ቀኝ እጄ ብዕር መያዝ አቅቶት ነው። ይህችን ደብዳቤ ረቡዕ ጀምሬ ዛሬ እሑድ ነው፤ ፊደሉ መንጋደዱን አይቻለሁና አትንገሪኝ።

አንገቴ ውስጥ ነርቭ ተጨፍልቆ ክንዴን እያደከመው ነው። የክሊኒኩ ፊዚዮቴራፒስት በየወሩ የእጄን ጉልበት ይለካል። ሰዓት የመሰለ መቁጠሪያ ያለው የብረት እጀታ ሦስት ጊዜ ያስጨብጠኛል፤ ክርን ከጎን ተጣብቆ፣ ምንም ሳይደገፍ። መጀመሪያ ዘጠኝ ኪሎ ወጣ።

«ከስንት?» አልኩት።

«እትዬ፣ ፈተና እኮ አይደለም» ብሎ ሳቀ።

እኔ ግን እንደ ወደቀ ተማሪ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

በሚቀጥለው ወር ሰው በር ላይ ጠርቶት ፊቱን ሲያዞር፣ እጀታውን ካፖርቴ ሥር ደብቄ ጭኔ ላይ አስደገፍኩና በትከሻዬ ተጫንኩት። የመቁጠሪያው መርፌ የደረሰበት ላይ ቆሞ ይቀራል። አሥራ ስምንት።

«በዚህ ጉልበትዎ እኔንም ይጥሉኛል» አለኝ። ደስ አለኝ። ወደ ቀዶ ጥገና ሐኪም ሊልከኝ የጻፈውን ወረቀት ቀደደው። ከዚያ ወዲህም በየወሩ እንዲሁ አታለልኩት።

ባለፈው ሳምንት ቁልፍ ማዞር አቅቶኝ የገዛ ቤቴ በር ላይ ሁለት ሰዓት ቆምኩ። ጎረቤቴ መጥታ ከፈተችልኝ።

«ምነው እማማ፣ ቁልፉ ዛገ እንዴ?»

«አዎ፣ ዛገ» አልኳት።

አውራ ጣቴ ሥር ያለው ሥጋ ጎድጉዷል። ፊዚዮቴራፒስቱ ነርቭ ለረጅም ጊዜ ከተጨፈለቀ የሄደው ኃይል አይመለስም ብሎኝ ነበር። አራት ወር አቃጠልኩ።

አራተኛ ክፍል ሳለሽ የሒሳብ ውጤትሽን በላጲስ ፍቀሽ ያሳደግሽው ትዝ ይልሻል? ግድግዳ ፊት አቆምኩሽ። የሚያሳፍረው ማነሱ ሳይሆን መደለዙ ነው አልኩሽ። ለምን እንደደለዝሽ ግን አልጠየቅኩሽም። አንቺ የፈራሽው እኔን ነበር፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ማንን እንደፈራሁ አላውቅም። ልጄ፣ እጄን እያጣሁ ነው። ጨንቆኛል።

ነገ መጀመሪያ የጎረቤቴን በር አንኳኩቼ የቀሚሴን አዝራሮች እንድትቆልፍልኝ እለምናታለሁ፤ ቁልፉ እንዳልዛገም እነግራታለሁ። ክሊኒኩ ሲከፈት እዚያ እገኛለሁ። ካፖርቴን መስቀያው ላይ እሰቅላለሁ። ለዚያ ሰው ያደረግኩትን አንድ በአንድ እነግረዋለሁ። ከዚያ ክርኔን ከጎኔ አጣብቄ ሦስት ጊዜ እጨብጣለሁ። የወጣውን ቁጥር፣ ዜሮም ቢሆን፣ ሳልደልዝ እጽፍልሻለሁ።

እናትሽ