እኛ ጫካ በነበርንበት ማክሰኞ ስለተገዛው አክሲዮን

ለክብርት ወይዘሮ ኮርኔሊያ ዳይክስትራ
የብራንት ሚልስ ከተማ የሦስተኛው ማክሰኞ የአክሲዮን ማኅበር ሊቀ መንበር
(በቤተ መጻሕፍቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ በኩል፣ ማንም እንዲያነበው)

ክብርት ሊቀ መንበር፣

ይህ ደብዳቤ ከሐይቅ ዳር ቤትዎና ነዳጅ ከማይጠጣው መኪናዎ ጋር በፍጹም ጤንነት እንደሚያገኝዎ ተስፋዬ የጸና ነው። የጉልበትዎ ሕመም እንደተሻለዎት ከባለቤቴ ከአርዲስ ሰምቻለሁ፤ ባለቤቴ ከእኔ ጉልበት ይልቅ ስለ እርስዎ ጉልበት አብዝታ ስለምታውቅ ወሬው እውነት ለመሆኑ አልጠራጠርም። እኔም በጠቅላላው ደኅና ነኝ፤ ያጣሁት እንቅልፍ ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት በዚሁ ሰሌዳ ላይ የለጠፉትን ማስታወቂያ ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የዘንድሮው የኖቬምበር ስብሰባ ከአጋዘን አደን መክፈቻ ቀን ጋር ስለገጠመ «አዳኝ ወንድሞቻችን ከውሳኔ እንዳይቀሩብን» ሲባል ስብሰባው በአንድ ሳምንት መገፋቱን ይገልጻል። ስለ አሳቢነትዎ ምስጋናዬ ወደር የለውም፤ አሳቢነቱ የዘገየው አሥራ አንድ ዓመት ብቻ ነው። ተራ ቁጥር የሌለው ጽሑፍ እንደማያነቡ ስለማውቅ ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15 ቀን 2011 እንደ ዘንድሮው ማክሰኞ ነበረ። አደኑ በየዓመቱ በሚከፈትበት በዚያ ቀን በእኛ ሚሺጋን ትምህርት ቤት እንደሚዘጋና በከተማው ወንድ ፈልጎ ማግኘት እንደማይቻል ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም። ከአሥራ አራት አባላት ዘጠኛችን ጫካ ነበርን። እኔ ከሚስቴ ወንድም ከሌስተር ጋር በእንጨት ጎጆ ውስጥ ተቀምጬ ሦስት ቀን ሙሉ አንድ አጋዘን ሳላይ ስመለስ፣ አምስታችሁ ሴቶች በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት የእርስዎን የቼሪ ፓይ እየበላችሁ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል ብላችሁ በአምስት እጅ ድምፅ በማኅበሩ ገንዘብ የአንድ የኤሌክትሪክ መኪና ፋብሪካ አክሲዮን ገዝታችሁ ጠበቃችሁን። ምልዓተ ጉባኤው አምስት ሰው ይበቃዋል የሚለውን አንቀጽ አራት የጻፍኩት እኔ ራሴ ነኝ፤ የጻፍኩትም በጃንዋሪ በረዶ ሰው ስለሚቀር እንጂ እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብዬ አልነበረም። ከተማችን ከነልጆቿ የምትኖረው በቤንዚን ሞተር ፋብሪካው ነው። እኔ በዚያ ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ ሥራዬ መስማት ነበር፤ እያንዳንዱ ሞተር መጨረሻ ላይ ሲነሳ ጆሮዬን ሰጥቼ «ይለፍ» ወይም «ይመለስ» እላለሁ። ታዲያ ለዚህ ጆሮ ድምፅ የሌለው መኪና መግዛት ስድብ ቢመስለው ይፈረድበታል?

ሁለተኛ፦ በዲሴምበር ስብሰባ ተነሥቼ ንግግር አደረግሁ። «የራሳችንን ጉሮሮ በራሳችን ገንዘብ ልናንቅ ነው!» አልኩ፤ ወንዶቹ ጠረጴዛ ደበደቡ፤ ዘጠኝ ለአምስት ይሸጥ ተባለ። እርስዎ አልጮሁም፣ አልተከራከሩም። መነጽርዎን አውልቀው «እንግዲያው እኔ ልያዘው፤ ቦታ አይፈጅም» ብቻ አሉ። ለወጥ ቤትዎ ወለል ያስቀመጡትን ገንዘብ አምጥተው ማኅበሩ በገዛበት ዋጋ ወሰዱት፤ ከሴቶቹም ድርሻዋን ይዛ አብራዎት መቆየት የምትፈልግ ካለች እጇን ታውጣ አሉ።

አርዲስ እጇን አወጣች።

እኔም በሁሉ ፊት «አርዲስ፣ እጅሽን አውርጂ፤ ሰው ይስቅብናል» አልኳት። ቀስ ብላ አወረደችው፤ እስኪወርድ የፈጀውን ጊዜ ዛሬም እለካዋለሁ። እርስዎ በቃለ ጉባኤው «ወይዘሮ አርዲስ ኖቫክ ሐሳባቸውን ቀይረዋል» ብለው ስለጻፉልኝ ለጨዋነትዎ ከልብ አመሰግናለሁ። በዚያው ቀን የአክሲዮኑን ወረቀት በቀይ ሪባን አስሬ እንደ ልደት ስጦታ ጎንበስ ብዬ ስሰጥዎ ያን ያህል የሳቀ ሰው ከዚያ ወዲህ በምድር ቤቱ አልታየም። ሪባኑ አሁን በሐይቅ ዳሩ ቤትዎ በር ላይ ተሰቅሎ ቁልፍ እንደሚይዝ ሰምቻለሁ። በጣም ያምራል አሉ።

ሦስተኛ፦ አለመሸጥዎ። ይህ ከሁሉ የከፋው በደል ነው። ዋጋው እጥፍ ሲሆን እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው ሸጠው ቢሆን ኖሮ ትንሽ ከፍቶኝ ይበርድልኝ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ክፉኛ የወደቀ ጊዜ ሐዘንዎን ልካፈል የድንች ሰላጣ ይዤ ቤትዎ መጥቼ ነበር፤ ያን ዕለት አዲሱን ሸሚዜን ለብሼ እያፏጨሁ እንደመጣሁ አሁን በአደባባይ አምናለሁ። እርስዎ ደግሞ በሩን ከፍተው ምን አሉኝ? «ወደቀ እንዴ? እኔ እኮ የማየው በዓመት አንድ ቀን ነው፣ እናንተ ጫካ ስትገቡ። ግባ ቨርነን፣ ሰላጣውን አስቀምጥና ይሄን የኮምጣጤ ጠርሙስ ክፈትልኝ፣ እጄ አቃተው።» ጠርሙሱን ከፈትኩት። ሰላጣውንም ትንሽ ጨው ጎድሎታል ብለው በሉት። እኔ ግን አንዲት ቅንጣት አክሲዮን ሳይኖረኝ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ጥርሴን ከመፋቄ በፊት ያንን ዋጋ ስመለከት ኖሬያለሁ። ሲወጣ ቁርሴን እተዋለሁ፣ ሲወርድ ቁርስ እበላለሁ። ለምንም ነገር በሕይወቴ ይህን ያህል ታማኝ ሆኜ አላውቅም። እርስዎ በዓመት አንድ ጠዋት ያዩታል፣ ራት ይበሉና ይተኛሉ፤ ያኔም የእርስዎ ሆኖ ይገኛል። ይህ ፍትሕ ከሆነ ፍትሕ የት እንዳለ ማኅበሩ ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

አራተኛ፦ ቤቱ። ሐይቅ ሞልቶ ሳለ፣ የሚሸጥ ቤት ሞልቶ ሳለ፣ አክሲዮኑን አስይዘው በተበደሩት ገንዘብ የገዙት ያንን ባለ አረንጓዴ መስኮት ነው። ልጆቻችን ትንንሽ ሳሉ በየጁላዩ አንድ ሳምንት የምንከራየው ያ ቤት መሆኑን እርስዎ አያውቁም ይሆናል፤ አርዲስ የምትነግርዎ አይመስለኝም። በየዓመቱ ልንመለስ ስንል መኪናው ተነሥቶ እየጠበቃት አርዲስ ተመልሳ የበሩን መቃን በመዳፏ ታብሰዋለች። እኔም በየዓመቱ «ጡረታ ስወጣ የእኛ ነው» እላታለሁ። ጡረታ ወጣሁ፤ አንድ ጀልባ ገዛሁ፤ ጀልባዋ ጋራዥ ውስጥ ናት። ቤቱን እርስዎ ገዙትና በመጀመሪያው ሳምንት ሁለታችንንም ጋበዙን። ጋባዥ ላይ መቆጣት እንዴት እንደሚያስቸግር ሞክረውት አያውቁም። እኔ ወገቤን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። አርዲስ ሄደች፤ መጀመሪያ በአደኑ ሳምንት ብቻ፣ ቀጥሎ ጁላይን በሙሉ። ዘንድሮ ደግሞ «በረዶው እስኪቀልጥ እቆያለሁ» ብላ ሻንጣዋን ከቁም ሣጥን ላይ አውርዳለች።

ስለ ገንዘብ ከሆነ ብዬ ልናገር ስጀምር አቋረጠችኝ። «ለገንዘቡ አይደለም ቨርነን። እዚያ እጄን ሳወጣ አውርጂ የሚለኝ የለም» አለችኝ። እኔም የክረምቱ የማሞቂያ ሒሳብ ዘንድሮ ይቀንስልናል ብዬ መለስኩላት።

አምስተኛ ብዬ ስለ ቼሪ ፓይዎ ቅርፊት ጥቂት ለመጻፍ አስቤ ነበር፤ ትቼዋለሁ። በምትኩ ይህን ልጻፍ፦ ክብርት ሊቀ መንበር፣ እቀናብዎታለሁ። መኪናው ይቅርብኝ፤ አክሲዮኑም ይቅርብኝ፣ እሱስ ትንሽ ያስቀናኛል። የምቀናው ሌስተር ማገዶ ሊያደርስልዎ ሄዶ ሲመለስ በነገረኝ ነገር ነው። «እህቴ ውኃው ላይ ባለው የእንጨት መቆሚያ ቁጭ ብላ ስትስቅ ከወዲያኛው ዳር ይሰማል፤ መቼ ነው እንዲህ የሳቀችው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ መልሱን አውቀዋለሁ፤ በዚያው ቤት፣ በዚያው መቆሚያ ላይ፣ እኔ አጠገቧ ሳለሁ ነበር። እርስዎ አሥራ አንድ ዓመት ዝም ብለው አንድ ነገር ሲይዙ እኔ አርባ አራት ዓመት አጠገቤ ያለውን እንዴት እንደምይዝ አላወቅሁም።

ስለሆነም ሁለት ነገር በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። አንደኛው፣ ስብሰባው እንዳይዛወር። በኖቬምበር 15 በቦታው እገኛለሁ፤ ከጫካው በሃምሳ አንድ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ መቅረቴ ነው። ሌስተር ስነግረው ሐኪም አይተህ ነው ወይ ብሎኛል። ሁለተኛው፣ የዲሴምበር 2011 ቃለ ጉባኤ እንዲታረም በአጀንዳ ይያዝልኝ። «ሐሳባቸውን ቀይረዋል» የሚለው ተሰርዞ «ባላቸው እጃቸውን አስወርዷቸዋል» ተብሎ ይጻፍ። አምስታችሁ ካላችሁ ምልዓተ ጉባኤው ይሟላል፤ አንቀጹን አውቀዋለሁ። እኔ ስድስተኛ ሆኜ ከኋላ እቀመጣለሁ፤ ድምፅ አልሰጥም።

የማይሸጡትን ሁሉ እንዲያበዛልዎ እየተመኘሁ፣ የሸጥነውንም ሁሉ እያስታወሱን በመኖርዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት በድጋሚ እየገለጽኩ፣ በቀይ ሪባንዎ ፊት ባርኔጣዬን አውልቄ እሰናበትዎታለሁ።

ቨርነን ኖቫክ
የማኅበሩ መሥራች አባል፣ የአንቀጽ አራት ጸሐፊ፣ የአንድ ጀልባ ባለቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ መኪናዎን በሚመለከት አንድ የባለሙያ አስተያየት አለኝ። እርስዎ የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ሲነዱ ማርሚታው የተበሳ ስለነበረ ከሁለት መንገድ ማዶ እሰማዎትና አርዲስን «ኮርኔሊያ እየመጣች ነው፣ አንዱ ካንዴላ አይሠራም» እላት ነበር። ባለፈው ጁላይ ግን ይህ አዲሱ መኪናዎ ደጄ ድረስ መጥቶ፣ ሚስቴን ከነሻንጣዋ ጭኖ ሲሄድ እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ፤ አንዳች አልሰማሁም። ሁለት ስኒ ቡና ይዤ ስወጣ ደጁ ባዶ ነበር። እንዲህ ያለ መኪና በእኔ ጆሮ ፊት ቢያልፍ «ይመለስ» እለው ነበር። ከስብሰባው ማግሥት ረቡዕ ጠዋት ሊወስዷት ሲመጡ እባክዎ ከማዕዘኑ ላይ ክላክስ ያድርጉልኝ። ሻንጣዋ ዘንድሮ ከባድ ነው፤ ይዤላት መውጣት እፈልጋለሁ።